አራሷ መካኒክ

አቶ ደግሰው በስልሳ ሁለት ዓመት ዕድሜያቸው ሁለት ነገር አያውቁም ይባላል፤ መታመምና መሳሳት። መታመሙ እንኳ አንድ ጊዜ በወባ መልክ መጥቶ ሞክሯቸው ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ከአልጋ ተነሥተው መዶሻቸውን ሲያነሡ አፍሮ ሄደ። መሳሳቱ ግን ደጃቸውን አንኳኩቶ አያውቅም። አንኳኩቶም ከሆነ የከፈተለት የለም። ላሊበላ ውስጥ ድንጋይ ጠርቦ የሚበላ ሁሉ "ጌታው" ይላቸዋል። ጌታው የተባለን ሰው ደግሞ ማን ደፍሮ ተሳስተዋል ይለዋል?

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ባንቺዓለም። ግትርነቷን የወረሰችው ከጎረቤት አይደለም። ወልድያ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ስምንት ዓመት ሠርታለች። አባቷ ድንጋዩን በመዶሻ ኳ ኳ አድርገው ድምፁን እንደሚያዳምጡት ሁሉ፣ እሷም መኪና በደጅ ሲያልፍ ትሰማና "የዚህ የኋላ ኩሽኔታ አልቋል" ትላለች፤ ብዙ ጊዜም እውነቷን ነው። የአባትና የልጅ ልዩነት አንድ ነው። እሷ አስተማሪ ነበራት። ሐምዳን ይባላል፤ ወልድያ ውስጥ የታወቀ መካኒክ ነው፤ ግራ እግሩን ያነክሳል። ከዓመታት በፊት ክሪክ ብቻ አምኖ መኪና ስር ገብቶ ነበር። "ክሪክ ያነሣል እንጂ አይሸከምም" የሚለው ቃል ከአፉ አይጠፋም። ባንቺዓለምም ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ በደንብ በቃሏ የያዘችው ይህንኑ ነው።

አሁን ግን ባንቺዓለም አራስ ናት። ስድስት ዓመት ልጅ ጠብቃ፣ በመጨረሻ ሴት ልጅ ወልዳ በእናቷ ቤት ተኝታለች፤ ዛሬ ሰባ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ልጅ ባጣች ጊዜ ዋሻ ውስጥ እስካለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄዳ ተስላ ነበርና፣ በሰማንያኛው ቀን ሕፃኗ ክርስትና የምትነሣው እዚያው ዋሻው ውስጥ ነው። ባሏ ኢያቄም ከወልድያ ይመጣል፤ ካህናቱም ቀኑን ይዘዋል። ሕፃኗ የምትሄደው በአያቷ መኪና ነው። አቶ ደግሰው ለአብያተ ክርስቲያናቱ እድሳት ከመጡ ፈረንጆች ጋር ዓመታት ሠርተው የገዟት፣ ገበያተኛና ተሳላሚ እስከ ብልባላና ከዚያም ወዲያ የሚያመላልሱባት አሮጌ ራቭ ፎር ናት።

የመኪናዋ የፊት አሞርዛተሮች ሁለቱም አልቀዋል። ጉድጓድ ስታገኝ ትንበረከካለች፤ ከጉድጓዱ ከወጣች በኋላም ሦስት አራት ጊዜ ሳትሰግድ ቀጥ አትልም። ባንቺዓለም ገና በሠላሳኛ ቀኗ፣ ከተኛችበት ሆና መኪናዋ ግቢ ስትገባ ሰማችና ለአባቷ ነገረቻቸው።

"አባ፣ ልጄን በዚች መኪና አላሳፍርም። አሞርዛተሩ ሞቷል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ቢይዙ አፍንጫዋ ይደፋል፤ መሪም አይታዘዝዎትም።"

"ይቺ መኪና? ይቺ መኪና እኮ ጳጳስ ጭናለች!"

"ጳጳሱ ጸሎት አላቸው። እኔ ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት።"

አቶ ደግሰው ሦስት ቀን አኮረፉ። በአራተኛው ቀን፣ ማንም ሳይለምናቸው፣ "ለዚያ ለሐምዳን ደውይለትና ምን ምን እንደሚያስፈልግ ይላክ" አሉ። ያው መታረቃቸው እንዲህ ነው።

ሐምዳን ዕቃውን ሲያፈላልግ ከወር በላይ ፈጀበት፤ በጆንያ ጠቅልሎ በአውቶቡስ የላከው የደረሰው ዛሬ ነው። ሁለት አዲስ አሞርዛተር፣ በአሞርዛተሩ ዙሪያ የሚጠመጠመውን ሞላ ጨምቀው የሚይዙ ባለ መንጠቆ ረጃጅም ብሎኖች፣ አንድ ወፍራም ክሪክ። መኪና ከተነሣች በኋላ የምታርፍባቸው ባለ ሦስት እግር የብረት ማቆሚያዎች ግን ጆንያው ውስጥ የሉም። የአውቶቡሱ ረዳት ከባድ ናቸው ብሎ ወልድያ ትቷቸዋል፤ "ነገ አመጣቸዋለሁ" ብሏል።

ነገ! ነገ ሃያ አንድ ነው፣ ማርያም። ከነገ ወዲያ እሑድ። ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ፤ በጊዮርጊስ ቀን ላሊበላ ላይ መዶሻ የሚያነሣ ሰው ካለ እንግዳ ነው። ሃያ አራት ክርስትናው። አቶ ደግሰው በጣታቸው ቆጠሩ፤ ከአውራ ጣት ጀምረው ቆጠሩ፣ ከትንሿ ጣት ጀምረው ቆጠሩ፤ ከየትም ቢጀምሩ የቀረው የሥራ ቀን ዛሬ፣ ዓርብ ሃያ፣ ብቻ ሆነ።

"ዛሬ እንሠራለን" አሉ።

"በምን ላይ ትቆማለች?" አለች ባንቺዓለም።

"አንቺ ብቻ ንገሪኝ፤ እጁ የኔ ነው። ማቆሚያውን ለኔ ተዪው።"

ባንቺዓለም አባቷ ከመኪናው ስር እንደሚገቡ ታውቃለች፤ እሷ አራስ ናት፣ ሌላ የሚገባ የለም። ሲገቡ ይሰሟታል ወይ? ጭንቋ ይህ ብቻ ነበር። ብሎኑንና ዳዶውን ለሕፃን ልጅ እንኳ ማስረዳት ይቻላል። አቶ ደግሰውን ግን "ይውጡ" ሲሏቸው ማስወጣት ሌላ ሙያ ነው።

እናቷ ወይዘሮ ስሜነሽ ከበሩ ደፍ ወዲህ አጎዛ አንጥፈው አስቀመጧት፤ ሕፃኗን አሳቀፏት።

"ከዚች ደፍ አንዲት ጋት ብታልፊ" አሉ ጣታቸውን ቀስረው፣ "ፀሐይ ያገኝሻል፣ ምች ይመታሻል፣ ከዚያ ወዲያ ዳማከሴ ብጨምቅልሽ አይበጅሽም። አራት ቀን ነው የቀረሽ። አራት ቀን!"

"አልወጣም እምዬ።"

አራስ ያለ ብረት አትቀመጥምና እናቷ ከትራሷ ስር ቢላዋ አኑረውላት ነበር። ባንቺዓለም ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ቢላዋውን ወደ ጓዳ መልሳ በምትኩ አሥራ ሰባት ቁጥር መፍቻ ይዛለች። "ብረት ብረት ነው" ስትላቸው ወይዘሮ ስሜነሽ ጥቂት አሰቡና፣ ሰይጣን የመፍቻ ቁጥር እንደማይመርጥ ተስማሙ።

ሥራው ተጀመረ። ግቢው አቶ ደግሰው ራሳቸው ያነጠፉት ድንጋይ ስለሆነ ደልዳላ ነው፤ ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ መሬት አይገኝም። ባንቺዓለም ከደፉ ላይ ሆና ታዝዛለች።

"የእጅ ፍሬን ይያዙ። ማርሽ ያስገቡ። የኋላ ጎማዎች ፊትና ኋላቸው ታኮ ይግባላቸው።"

"ገባ።"

"የጎማውን ብሎኖች መኪናዋ መሬት ላይ እያለች ያላሉ። ከተነሣች በኋላ መታገል የለም፤ ተወዛውዛ ትወድቃለች።"

"ይህን ሕፃንም ያውቀዋል" አሉ አቶ ደግሰው፣ ክሪኩን ከጀመሩበት እየመለሱ።

ብሎኖቹ ላሉ፤ ከዚያ ቀኝ የፊት ጎኗ በክሪክ ተነሣ፤ ጎማው ተፈትቶ ወጣ። ይሄኔ አቶ ደግሰው ወደ ጓሮ ሄዱና ሁለት ቀያይ ድንጋዮች አንድ በአንድ ተሸክመው መጡ። አራት ማዕዘን ሆነው የተጠረቡ፣ ፊታቸው እንደ ሊጥ የለሰለሰ፣ ለገዛ ቤታቸው ደረጃ ብለው ያስቀመጧቸው ናቸው። አንዱን በአንዱ ላይ ደረቡ። የላይኛውን በመዶሻ መቱት።

"ስሚው" አሉ። "ስንጥቅ የለበትም። ድምፁ ሙሉ ነው።"

እውነት ነው፤ ድምፁ ሙሉ ነበር።

"አባ፣ ድንጋይ አይሆንም።"

"ምን አልሽ?"

"ድንጋይ መኪና ስር አይገባም። ብረት ይታጠፋል፣ እንጨት ይጮኻል፤ ድንጋይ ግን ሳይናገር ነው የሚከዳ። ጓሮ ያለውን የወይራ ጉማጅ ያምጡልኝ።"

"ወይራውማ የድግሱ ማገዶ ነው!" አሉ ወይዘሮ ስሜነሽ ከጓዳ። "ስድስት ዓመት የተጠበቀች ልጅ ክርስትና፣ ወጡን በኩበት ልሠራ ነው?"

አቶ ደግሰው ይህን ድጋፍ አግኝተው ደረታቸውን ነፉ። "ሰማሽ? ደግሞስ ይህ ድንጋይ ምን አደረገሽ? ያን ሁሉ መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያን የተሸከመ ድንጋይ፣ ይቺን ቆርቆሮ አይሸከምም?"

"ቤተ ክርስቲያኑማ ከተራራው አልተለየ። ተራራው ነው የያዘው። ይሄ ተቆርጦ ብቻውን የመጣ ነው። ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሰፍቶ ነው የሚቀመጥ፤ የመኪናዋን የሻንሲ ጠርዝ ይዩት፣ ጣት አይሞላም። ክብደቷ ሁሉ በዚያች ቀጭን መሥመር ነው የሚያርፍበት። አባ፣ እርስዎ መሮ ይዘው ድንጋይ የሚሰነጥቁት እንዴት ነው?"

ጥያቄው አቶ ደግሰውን ለአንድ አፍታ ያዛቸው። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ሞኝ አይደሉም፤ ወረቀትም አይደሉም፤ የያዙትን ባለመልቀቅ ግን ሁለቱንም ያስንቃሉ።

"አርባ አራት ዓመት ጠርቤ ዛሬ ድንጋይ ልታስተምሪኝ?" አሉና ክሪኩን አወረዱ። መኪናዋ ቀዩ ድንጋይ ላይ አረፈች። ምንም አልሆነም። ወደ ልጃቸው ዞረው ፈገግ አሉ።

ባንቺዓለም ወልድያ ሳለች ሐምዳን ከግትር ደንበኛ ጋር ሲከራከር አይታለች። የማይሸነፍን ሰው በትልቁ ካልቻልከው በትንሹ ያዘው ይል ነበር። "እሺ" አለች። "አንድ ነገር ብቻ። የተፈታውን ጎማ ከነቸርኬው አጋድመው ከመኪናዋ በር ስር፣ ከጠርዙ ስር ያስገቡልኝ። ይህን ካላደረጉ ከዚህ በኋላ አንዲት ቃል አልተነፍስም፤ የቀረውን ድንጋዩን ይጠይቁት።"

አቶ ደግሰው ሳቁ። ጎማውን አንከባለው ወስደው አጋደሙት። ልጅን ለማስደሰት ያህል ነበር።

የሚቀጥለው ሥራ ጥሩ ሄደ። እውነቱን ለመናገር አቶ ደግሰው እጅ አላቸው። ኮፈኑን ከፍተው ከላይ አሞርዛተሩን የያዙትን ሦስት ዳዶዎች አላሉ።

"ዳር ዳሩን ብቻ! መካከል ላይ ያለውን ትልቁን እንዳይነኩ። እሱ ነው ሞላውን አፍኖ የያዘው። እሱ ከተፈታ ሞላው ከኛ ቀድሞ ይምርሐነ ክርስቶስ ይደርሳል።"

"አልነካሁም! አላየሁትም እንኳ!" አሉ፣ መፍቻውን ከመካከለኛው ላይ አንሥተው።

የፍሬኑን ቱቦ ከአሞርዛተሩ ላይ አላቀቁ፤ ፍሬኑን የያዘው ከባድ ብረት በቱቦው እንዳይንጠለጠል በገመድ አሰሩት። ከታች ሁለት ወፋፍራም ብሎኖች ቀሩ። አንዱ ወጣ። ሁለተኛው እምቢ አለ። የስንት ክረምት ጭቃ ከዝገት ጋር አብሮ ደርቆበታል። ነጭ ጋዝ አፈሰሱበት፣ ጠበቁ፣ መፍቻውን በሙሉ ክብደታቸው ተጫኑት፤ ምንም።

"ይህስ የኔ ሥራ ነው" አሉ አቶ ደግሰው በደስታ። መዶሻቸውን አነሡና በጀርባቸው ተጋድመው ከመኪናው ስር እስከ ደረታቸው ገቡ። "አለት በአንድ ምት አይሰነጠቅም። ሺህ ትንንሽ ምት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

ኳ። ኳ። ኳ።

አንድ ዓይነት ምት፣ አንድ ዓይነት ፋታ። ሕፃኗ በድምፁ ተኛች። ባንቺዓለም አጎዛው ላይ፣ ከመሬት እኩል ተቀምጣለች። ቆማ ቢሆን ኖሮ የምታየው የመኪናውን በርና የአባቷን እግር ብቻ ነበር። አሁን ግን ዓይኗ ከድንጋዮቹ ትይዩ ነው። አባቷ በመቱ ቁጥር ከላይኛው ድንጋይ ጫፍ፣ ጠርዙ ካረፈበት ስር፣ ትንሽ ቀይ ዱቄት ትረግፋለች።

ኳ። ዱቄት። ኳ። ዱቄት።

"አባ፣ ይውጡ።"

"ሊለቅ ነው! ሁለት ምት ነው የቀረው!"

"አባ፣ ድንጋዩ እየረገፈ ነው!"

"አቧራ ነው ልጄ። ድንጋይ ሁሉ አቧራ አለው።"

ኳ። ዱቄቱ አሁን ቁራሽ ጨምሮ ወረደ።

ባንቺዓለም ለክርክር የሚሆን ጊዜ እንደሌለ አወቀች። ሕፃኗን እናቷ እጅ ላይ አስቀመጠችና ደፉን ተሻገረች። ወይዘሮ ስሜነሽ "ኧረ በስመ አብ! ምች!" ሲሉ እሷ ግቢውን አጋምሳለች። የአባቷን ሁለት ቁርጭምጭሚት ጨበጠች፣ ተረከዟን ከንጣፉ ድንጋይ ጋር አጣበቀች፣ ጎተተች። ሰባ ስድስት ቀን አጥሚት የጠጣች ሴት አቅም የዋዛ አይደለም። አቶ ደግሰው ከነንዴታቸው፣ ሸሚዛቸው እስከ ብብታቸው ተሰብስቦ፣ እየተሳቡ ወጡ።

"አብደሻል እንዴ? አባትሽን እንደ በሬ ሬሳ..."

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ድንጋዩ ከመካከሉ ተከፈለ። ትልቅ ድምፅ እንኳ አላሰማም፤ የደረቀ ዳቦ ሲቆረስ የሚሰማውን ያህል ነው። መኪናዋ ስንዝር ያህል ወርዳ፣ ከታች በተጋደመው ጎማ ላይ ዱብ አለችና ቆመች። የአቶ ደግሰው ደረት በነበረበት ቦታ የፍሬኑ ዲስክ ከመሬት አንድ ጋት ብቻ ርቆ ተንጠልጥሏል። ጎማው ባይኖር ያቺም ጋት አትኖርም ነበር።

አቶ ደግሰው ተቀምጠው ዲስኩን አዩ፣ ከዚያ ጎማውን አዩ። ከተከፈለው ድንጋይ አንድ ቁራሽ አንሥተው በመዳፋቸው አሹት፤ አሸዋ ሆኖ በጣታቸው መካከል ወረደ። ይህን ስታይ የባንቺዓለም ቁጣም ፍርሃትም አንድ ላይ ገነፈለ።

"ሐምዳንን ሁለት ሰዓት ታግለው ከመኪና ስር እንዴት እንዳወጡት ነግሬዎት ነበር!" አለች እያለቀሰች። "ነግሬዎት ነበር! እኔ አባት የምገዛበት ሱቅ የለም። ይቺ ልጅ በእርስዎ እጅ ክርስትና ትሂድ ብዬ ነው ይህን ሁሉ ያልኩት፤ በቀብርዎ ማግሥት ክርስትና ላነሣት ነበር?"

አቶ ደግሰው የቀረውን አሸዋ ከመዳፋቸው አራገፉ። "ፈራሁ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "አሁን ነው የፈራሁ።"

ወይዘሮ ስሜነሽ ሕፃኗን አቅፈው ደፉ ላይ እንደቆሙ ነበሩ። ስለ ምች ደግመው አላነሡም። ወደ ውስጥ ገቡ፤ ሕፃኗን በአንቀልባ አዝለው ሲወጡ በአንድ እጃቸው ትልቁን ጥቁር ጥላ ይዘዋል። ዘረጉትና ከልጃቸው ራስ በላይ ያዙት።

"ወይራውን ያውጡት" አሉ ባላቸውን። "ወጡ በምን እንደበሰለ ማን ይጠይቃል? ኩበትም እሳት ነው።"

ከዚህ በኋላ ሥራው ሌላ ሥራ ሆነ። ባንቺዓለም ከመኪናው አጠገብ፣ በእናቷ ጥላ ስር ተቀመጠች፤ በተነሣች ቁጥር ጥላው አብሯት ይነሣል። መኪናዋ እንደገና በክሪክ ተነሣች። የወይራ ጉማጆቹ ሁለት በቁም፣ ሁለት በአግድም፣ እንደገና ሁለት በቁም እየሆኑ ተደራረቡ፤ ከላይ ሰፊ ሳንቃ ተጋደመ። መኪናዋ ቀስ ብላ ወረደችበት። እንጨቱ ሲጥ አለና ዝም አለ። ጎማውም ከጎን በቦታው ተጋደመ። ባንቺዓለም የበሩን ምሰሶ ይዛ በሙሉ ኃይሏ ወዘወዘች፤ መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም።

"አሁን ይግቡ።"

አቶ ደግሰው ገቡ። ኳ፣ ኳ። ብሎኑ ወጣ።

"ሁለት ምት ነው የቀረው አላልኩም?" አሉ ከስር። ግን እንደ ሌላው ጊዜ ጮክ ብለው አይደለም።

አሞርዛተሩ ከነሞላው ወጣና ንጣፉ ላይ ተጋደመ። ይህን ባንቺዓለም ለማንም አልሰጠችም። የሞላውን አፍ ሰው ወደሌለበት ወደ ድንጋዩ አጥር አዞረችው፣ ራሷ በጎኑ ተቀመጠች፤ ባለ መንጠቆዎቹን ብሎኖች ግራና ቀኝ ትይዩ አድርጋ አሰረች። ቀኝ ሁለት ዙር፣ ግራ ሁለት ዙር። አቶ ደግሰው እንዲቆጥሩ ታዘዙ።

"አንዱን ቶሎ ጨርሰሽ ወደ ሌላው ብትሄጂስ?"

"ያን ጊዜ ይጣመማል፤ ተጣሞ ይፈናጠራል። ከሚፈናጠር ሞላ ፊት ጸሎት አይደርስም።"

"ቀኝ አሥራ ሁለት" አሉ አቶ ደግሰው፣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸርተት ብለው።

ሞላው ተጨምቆ ከመቀመጫው ላላ ሲል ሕፃኗ ነቃችና አለቀሰች። ልጅ ጡት በፈለገች ጊዜ መካኒክም እናት ነው። ባንቺዓለም ለማጥባት ወደ ቤት ስትገባ የተጨመቀውን ሞላ አሳየቻቸው። "አባ፣ ይህን ማንም እንዳይነካው። ዶሮም ቢሆን። እርስዎም ከዚህ ርቀው ይቀመጡ።"

አቶ ደግሰው ሰባት እርምጃ ርቀው ቁጭ አሉ። ላሊበላ የሚያከብራቸው የድንጋይ ጌታ፣ ቀጭን አርጩሜ ይዘው፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ ዶሮ ሲከላከሉ ቆዩ። አንዲት ቀይ ዶሮ ብቻ በጣም አስቸግራቸው ነበር።

ባንቺዓለም ተመልሳ፣ አሁን ሞላው ታስሯልና፣ መካከለኛውን ዳዶ ፈታች፤ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ አሞርዛተር ገጠመ። መካከለኛው ዳዶ ጠበቀ፣ ሞላው እንደታሰረው በልኩ ተፈታ፣ ሁሉም ወደ ቦታው ገባ። ጎማው ታሰረ፤ መኪናዋ ወርዳ መሬት ከነካች በኋላ ብሎኖቹ ሁሉ እንደገና አንድ በአንድ ጠበቁ። ባንቺዓለም ኮፈኑን በሁለት እጇ ተጭና ለቀቀችው። አንድ ጊዜ ወርዶ፣ አንድ ጊዜ ወጥቶ፣ ቆመ። ግራውን ስትጫነው ገና ይሰግዳል።

የክርስትናውን ነገር ለማወቅ የሚቸኩል ካለ ልንገረው። በሃያ አራት ጠዋት መኪናዋ ብልባላን አልፋ፣ መታጠፊያውን ሁሉ ቀጥ ብላ ታጥፋ፣ ዋሻው ካለበት ተራራ ስር ደርሳለች፤ ሕፃኗ ከተኛችበት አልነቃችም። ወጡ በኩበት በስሎ ሰው ሁሉ ጣቱን ልሷል። ምችም አልመጣም፤ ጥላው ነው ይላሉ ወይዘሮ ስሜነሽ። ያን ሁሉ ግን ማንም ሊነግራችሁ ይችላል። እኔ የምነግራችሁ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ግራውን ጎን ሲጀምሩ የሆነውን ነው።

መኪናዋ በግራ በኩል በክሪክ ተነሣች። አቶ ደግሰው ወይራውን ራሳቸው ደረደሩት፤ ሁለት በቁም፣ ሁለት በአግድም። ሳንቃውን አጋደሙ። ክሪኩን ቀስ ብለው አወረዱ። የተፈታውን ጎማ ማንም ሳይነግራቸው አንከባለው አምጥተው ከጠርዙ ስር አስተኙት። መዶሻቸውን አነሡና ተንበረከኩ። ከዚያ ግን አልገቡም፤ ተንበርክከው ቀሩ።

በግቢያቸው ውስጥ፣ በገዛ መኪናቸው ፊት፣ በገዛ ልጃቸው ፊት ባርኔጣቸውን አወለቁ። ላባቸውን ለመጥረግ ይመስል ነበር፤ አልጠረጉትም።

"ልግባ?" አሉ።

ወይዘሮ ስሜነሽ የያዙት ጥላ ዘንበል አለ። አርባ ዓመት በትዳር ሲኖሩ ይህን ቃል ከዚህ ሰው አፍ ሰምተው አያውቁም።

ባንቺዓለም አባቷ የሚጠብቁት የማጽናኛ መልስ እንዳልሆነ ገብቷታል፤ የሥራ መልስ ነው የጠየቁት። ስለዚህ ተነሥታ የወይራውን ድርድር ዞራ አየች። ሁለተኛው ጉማጅ አንድ ጣት ያህል ወጣ ብሎ ነበርና በክሪክ አስነሥታ አስተካከለችው። የኋላ ታኮዎቹን በእግሯ ነካች። የበሩን ምሰሶ ይዛ ወዘወዘች፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። አቶ ደግሰው ያን ጊዜ ሁሉ ተንበርክከው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሳይቸኩሉ ጠበቁ።

"አሁን ይግቡ፣ አባ" አለች።

ገቡ።